ብክነት አዳኞች

የፋብሪካ ሥራ አድካሚ ነው የሚሉ ሰዎች ፋብሪካችንን አላዩም። እኛ ዘንድ ድካም የሚባል ነገር ቦርድ ላይ አልተጻፈም፤ ቦርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ የለም። ከጥበቃ ቤቱ እስከ ካውያ ክፍሉ ግድግዳው ሁሉ ቦርድ ለብሷል። አምስቱ ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በአምስት ቀለም ተጽፈው ተሰቅለዋል። ባለሥልጣን ሊጎበኝ በመጣ ቁጥር ወለሉ ላይ ያሉት ቢጫ መስመሮች እንደ አዲስ ይቀባሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ጉብኝቱ ስለሚደርስ እንግዶቹ በጫማቸው ቢጫ ይዘው ይመለሳሉ። ሸሚዝም እንሰፋለን፤ በትርፍ ጊዜያችን።

ይህ ሁሉ ቦርድ የመጣበት ካይዘን፣ የጃፓኖቹ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ፣ መልካም ነገር ነው፤ ማንም እንዳይሳሳትብኝ። አቶ መለስ ዜናዊ ከጃፓኖች ድጋፍ ጠይቀው፣ በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ እርዳታ መጀመሪያ 30 ኩባንያዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ነው። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ሰባት ዓይነት ብክነት ለይተዋል፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ከቦታ ቦታ ማመላለስ፣ ያለ አስፈላጊነቱ ሥራ ማብዛት፣ ክምችት፣ ትርፍ እንቅስቃሴ እና እንከን ያለው ምርት። አለቆቻችን ዝርዝሩን ተቀብለው ሳይቸኩሉ መረመሩት። ስድስቱ ጣታቸውን ወደ ቢሮ የሚቀስሩ ሆነው ተገኙ። አንዱ፣ እንቅስቃሴ የተባለው፣ ወደ ስፌት አዳራሹ ያመለክታል። ዘመቻው በእርሱ ላይ ታወጀ።

እንቅስቃሴ ማለት ኦፕሬተሯ ከወንበሯ መነሣቷ ነው። ከወንበሯ የምትነሣው ደግሞ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ላይን፣ ማለትም ለአንድ የስፌት መስመር፣ አንድ የሽንት ቤት ካርድ ተዘጋጀ። ካርዱ በክር ተንጠልጥሎ ሱፐርቫይዘሩ አንገት ላይ ይውላል፤ የሄደችበትና የተመለሰችበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በካርዱ ጀርባ «ሠራተኛ ሀብታችን ነው» ተብሎ ታትሟል። ሀብት ያለው ሰው ሀብቱ የት እንደሚሄድ መቆጣጠሩ ምን ይገርማል?

«ጋሼ፣ ካርዱ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አንዷ ይዛው ወጥታ የለ? ስትመጣ ትሄጃለሽ። ደግሞ አንቺ ጠዋት ሻይ ሳታበዢ አልቀረሽም።»

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ውሃ መጠጣት ተዉ። የካርዱ ምልልስ ቀነሰ፤ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ክብ ተለጠፈ። በዚያው ወር ኩላሊቴን አመመኝ ብለው ክሊኒክ የሄዱት በዙ፤ እርሱ ግን የሚመዘገበው ጤና ክፍሉ ባለው ሌላ ደብተር ላይ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ያያቸው የለም።

የሰዓት ቆጠራውን ጥበብ ሳላነሣ አላልፍም። ኢንጂነሩ ሰዓት መቁጠሪያውን ይዞ ከአንዲት ኦፕሬተር ጀርባ ይቆማል። ኮሌታ መግጠም ግማሽ ደቂቃ ከፈጀባት በሰዓት 120 ኮሌታ ማለት ነው፤ ሒሳብ አይዋሽም። የተመረጠችው ልጅ ከላይኑ ሁሉ ፈጣኗ ናት። የተለካችውም ጠዋት፣ ትከሻዋ ሳይዝል፣ መርፌዋ አዲስ ሳለ ነው። የሙያው መጻሕፍት ለድካምና ለግል ጉዳይ ተብሎ በልኬቱ ላይ ጥቂት ጭማሪ ይደረግ ይላሉ። የእኛ ኢንጂነር ጭማሪውን አየና ብክነት መሆኑን ወዲያው ለየ። በማግስቱ ያቺ ግማሽ ደቂቃ የሁሉም ሴት ግማሽ ደቂቃ ሆነች፤ የነፍሰ ጡሯም፣ ትናንት የተቀጠረችውም፣ ማሽኗ ክር የሚበጥስባትም። ፈጣኗ ልጅ ከዚያ ወዲያ በላይኑ ውስጥ ወዳጅ አላገኘችም።

ክሩ ለምን እንደሚበጠስ መጠየቅ የላይን ሥራ አይደለም። ክሩ የተገዛው በርካሽ ነው፤ ገዢው ደግሞ በቁጠባ ተሸልሟል፣ የምስክር ወረቀቱ ቢሮው ውስጥ በመስተዋት ተሰቅሏል።

አሁን ወደ መጠበቅ እንምጣ። ክፉዎች ይህም ከሰባቱ አንዱ ነው ይላሉ። የሸሚዙ ቁልፍ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ቁልፍ ለማስመጣት ኤልሲ የሚባል የባንክ ሰነድ መከፈት አለበት፤ ኤልሲ ለመክፈት ዶላር ያስፈልጋል፤ ለዶላር ወረፋ አለ። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ አንድ ወረቀት ይጎድላል። በዚህ መሐል ሁለት መቶ ሰው ማሽኑ ፊት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቤቱ እንዳይሄድ፣ ቁልፉ ድንገት ሊመጣ ይችላል። እንዳይሠራ፣ ቁልፍ የለም። ይህ ግን መጠበቅ አይባልም፤ ስሙ «ሂደት ላይ ነው» ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ ልጅቷ ካርዱን ይዛ አምስት ደቂቃ ብትቆይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፣ የግዢ ክፍሉ ሦስት ወር ቢቆይ ስብሰባ ይጠራል፣ ማኪያቶም ይታዘዛል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ጄኔሬተሩ አለ፤ ናፍጣውም እንዳይባክን አለ።

ቁልፉ የመጣ ዕለት ነው እንግዲህ የፋብሪካችን ጀግንነት የሚታየው። የሦስት ወር ትዕዛዝ በሦስት ሳምንት ሊወጣ ነው። ሰርቪሱ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ያጠፋል፤ ማንም አይወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ነው ይላል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ያዛል። ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ለሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል። እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን፤ ስለዚህ በሳምንቱ አሥራ ሁለተኛው ትርፍ ሰዓት ላይ ደብተሩን እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ ያለው በሌላ ደብተር ይጻፋል፣ ስሙም «ታርጌት ማካካሻ» ይባላል። ታርጌቱን ያጎደለው ማን ሆነና? ያን ሁሉ ቀን ዝም ብላ የተቀመጠችው ልጅ ናታ!

ከውጭ የገዢዎቹ ኦዲተር ሲመጣ የሚታየው የመጀመሪያው ደብተር ነው። ልጆቹም ምን እንደሚመልሱ ከዋዜማው ይሠለጥናሉ። በሥልጠና የሚያማን ሰው ካለ ይህን አላየም፤ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ቃል፣ በአንድ ድምፅ ሲመልስ መዘምራን ያሰኛል።

ስለ ደመወዝ ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን አገር የሚኮራበት ጉዳይ ነው። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያለ አንድ ማእከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ የእኛ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ከዓለም ዝቅተኛው መሆኑን አረጋግጧል። ባንግላዴሽን እንኳ በለጥናት! ለዓመታት ባለሀብት ስንጋብዝ «ርካሽ የሰው ኃይል አለን» እያልን በየመድረኩ የደከምንለት ነው፤ የግል ዘርፉም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያልተቀመጠለት እንዲሁ በዋዛ አይደለም። ሕጉ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋም ብሎ ነበር። ግድግዳችን ላይ ግን ቦታ የለም፤ ቦርድ ሞልቶታል።

የዚያው ጥናት ሌላ ወሬ ደግሞ የሐዋሳ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር ይላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ አለቀ ተብሎ ተጨብጭቦ ነበር። ሼድ በዘጠኝ ወር ይቆማል፤ ሠራተኛው በዐሥራ ሁለት ይሄዳል። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከገጠር የመጣችውን ልጅ ፔዳል መርገጥ፣ እጅጌ መግጠም፣ ቁልፍ መምታት እናስተምራታለን፤ እጇ ሲፈታ፣ የቤት ኪራይና ሽሮ ቆርጣ ከደመወዟ የሚተርፈውን ታሰላለች፤ ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ አገሯ ትሄዳለች። ሌላዋን ደግሞ ከአንድ እንጀምራታለን። ይህ ከሰባቱ በየትኛው ይመደባል ብዬ የሰው ሀብት ክፍሉን ብጠይቅ «እሱ ብክነት ሳይሆን የሥራ ባህል ችግር ነው» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ፤ የሚሄደው ሰው ባህል የለውም፣ የሚያስኬደው አለው።

አለቆቻችን ሐሳብ ይጠላሉ እንዳይባል የሐሳብ መስጫ ሣጥን አለን። ቶዮታ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራተኛውን ሐሳብ ሲሰበስብ ኖሯል፤ በዚያ ላይ ማንኛውም ሠራተኛ እንከን ካየ ላይኑን ማስቆም ይችላል። ይህን በሥልጠናው ላይ ስንሰማ ልጆቹ ሳቁ፣ አሠልጣኙም አብሮ ሳቀ። የእኛ ሣጥን የሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከካሜራው ሥር ነው የተሰቀለው፤ ወረቀት የሚከት ሰው ፊቱ ጥርት ብሎ እንዲታይ። አንድ ጊዜ «ክሩ ይቀየር» የሚል ጽሑፍ ተገኘበት። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁሉም ሰው ስሙን እንዲጽፍ ታዘዘ። ክሩ ግን ያው ነው።

ባለፈው የሥራ አመራሩ ሠራተኛ ለምን እንደሚለቅ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ጥናቱ ትኩረት ስለሚፈልግ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ባለ ሎጅ ውስጥ ሆነ፤ አበልም ነበረው። ከላይን የተጋበዘ ሰው አልነበረም፤ ታርጌት ይጎድላል ተብሎ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ግኝቱ ቀረበ። ሠራተኞች የሚለቁት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ስለሚያወሩ ነው፤ ወሬው ስለ ሌሎች ፋብሪካዎች ደመወዝ ነው። መፍትሔውም በአንድ ድምፅ ጸደቀ፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ካርዱ ለሁለት ላይን አንድ ይሆናል። በጀርባው የታተመው ጽሑፍ ይቀጥላል፤ ፊደሉ ደብዘዝ ብሏል ስለተባለ በወርቃማ ቀለም እንዲታተም ለግዢ ክፍሉ ትእዛዝ ተሰጥቷል። ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው።