ሃምሳ ዓመት በሁለት ጾም መካከል

የተወለድኩት ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጃት ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይሉታል። ለሌላው ሰው በልደቱ ሻማ ይለኮስለታል፤ ለእኔ ያረጀ ጫማና የአገዳ ገለባ ሲነድ ነው ያደግኩት። እናቴም ብትሆን «የሚካኤል ለት ነው የመጣኸው» ከማለት በቀር ልደት የሚባል ነገር አታውቅም። ድፎ ዳቦው የሚደፋው ለሚካኤል ነበር፤ እኔ የምቆርሰው በአስታዋሽነት ነው።

ሃምሳ ልሞላ ስል ግን ባለቤቴ «ዘንድሮስ ጭስ አታሸትም» ብላ ተነሣች። ልጆች ቲኬቱን ቆረጡ፤ አገሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ ኢስታንቡል። ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ለአያ ሶፊያ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሄድኩት ለመብላት ነው።

መከራው የመጣው ከካላንደሩ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ዓርብ ዋለ። ዓርብ ጾም ነው፤ ሚካኤልም ቢውልበት አይሻርም። ሰኞ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ሥጋ የሚባል የለም። ለግማሽ ምዕት ዓመት ዕድሜ የተፈቀደልኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆነ። አንድ መጽናኛ ነበረኝ፤ ፓስፖርቴ። 1968 ዓ.ም. የገባው በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን ስለነበር እዚያ ላይ የሰፈረው የልደት ቀን ኅዳር 22 ነው፤ ያ ደግሞ ዘንድሮ ቅዳሜ ላይ ዋለ። በእኛ አቆጣጠር ዓርብ፣ በእነሱ ቅዳሜ ተወለድኩ ማለት ነው።

«የፓስፖርቱን እናክብር፤ ያሻገረንስ እሱ አይደል?» አልኳት።

«ሁለቱንም ታከብራለህ» አለች። «ዓርብን በጾም፣ ቅዳሜን በፍስክ።»

ዓርብ ኤሚኖኑ ወረድን። ጋላታ ድልድይ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መንጠቆ ይጥላል። ከታች ዳርቻው ላይ ዓሣ ይጠበሳል፤ ዳቦ ተሰንጥቆ፣ ሽንኩርትና ሰላጣ ተጨምሮበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይሸጣል። እዚያው ቆመን የቤታችን የቆየ ክርክር ተነሣ፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? እኔ ይበላል ባይ ነኝ። ባለቤቴን የንስሐ አባቷ አይበላም ብለዋታል። የእሷ የንስሐ አባት የእኔም ናቸው። በአፍንጫዬ ተመግቤ አለፍኩ።

ደግነቱ ኢስታንቡል ጾመኛ አታስርብም። ቀይ ምስር ሾርባ በየምግብ ቤቱ አለ። በወይራ ዘይት በስሎ ቀዝቅዞ የሚቀርበው የአትክልት ዓይነት ብዛቱ ለጉድ ነው፦ ፎሶሊያው፣ ደበርጃኑ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠሉ። የከተማዋ አርመኖች ለጾም የሚሠሩት ቶፒክ የሚባል ምግብም አለ፤ የሽምብራ ሊጥ ውስጥ የበሰለ ሽንኩርት፣ የሰሊጥ ቅባትና ዘቢብ ይታሸግበታል። ሽሮ ውጭ አገር ከርሞ ሀብታም ሆኖ ቢመለስ ቶፒክን ይመስላል።

ያሳዘነኝ ቺ ኮፍቴ ነው። ጥሬ ሥጋ በቅመም ታሽቶ የሚበላ መሆኑን ከአገሬ ሳልወጣ ስለሰማሁ፣ ሱቁን ሳይ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዝኩለት። ሻጩ ግን ተስፋዬን ቆረጠው። ጥሬውን በየሱቁ መሸጥ ተከልክሏል፤ አሁን የሚታሸው የተከካ ስንዴ ከበርበሬና ከቲማቲም ድልህ ጋር ነው። ባለቤቴ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ፣ የሮማን ጭማቂ አንጠባጥባ ጎረሰችና «የጾም ክትፎ!» ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። ቡታጅራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሞከር ሽማግሌ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ነጋ። ስለ ቁርሱ ብዙ አልልም፤ ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህን ተሸፍኖ ክርኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ካይማክ የሚሉት ወፍራም የወተት ክሬም ከማር ጋር ሲቀርብ ግን ዝም አልን፤ እኛ ቤት ዝምታ ብርቅ ነው። ከዚያ በጀልባ ተሻግረን ካዲኮይ ገበያ ገባን። እዚያ ኮኮሬች አለ፦ የበግ አንጀት በብረት ላይ ተጠምጥሞ በከሰል ይጠበሳል፣ ተከትፎ ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬ ተነስንሶበት በዳቦ ይሰጣል። አጠገባችን የቆሙ ቱሪስቶች ፊታቸውን አዞሩ። በዱለት ያደገ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ነው የሚኮራው፤ ደገምኩ። ማታ ኢስከንደር አዘዝን፤ ሥጋው፣ ዳቦው፣ እርጎው ከቀረበ በኋላ አስተናጋጁ የጋለ ቅቤ ይዞ መጥቶ እያንጫጫ አፈሰሰበት። ሃምሳ ዓመት መኖሬ ያኔ ገባኝ።

የተጣላነው ቡና ላይ ነው። ስኳሩ አብሮት ይፈላል፣ አተላው ሲኒው ውስጥ ይቀራል፤ ይሁን። ግን አንዲት ሲኒ ብቻ ናት። ቶና የለ፣ በረካ የለ። ባለቤቴ በጣቷ «ሁለተኛ» ብላ ብታሳየው ሒሳብ ይዞ መጣ። ከሂሳቡ ጋርም ታሪክ ጨመረልን፦ ቡና ከየመን መጥቶ፣ በ1550ዎቹ ከሐላብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች የኢስታንቡልን የመጀመሪያ ቡና ቤት ከፈቱ። ታሪኩ ልክ ነው።

«ወደ የመንስ ከየት ሄደ? በለው» አለችኝ። የመንገዱን አንድ ፌርማታ ዘለለ ብላ እስከ ሆቴል ድረስ አልለቀቀችኝም።

እሑድ ቅበላ ነው። ሆዴ ሥራ ቢያቆምም ነገ ጾም እንደሚገባ እያሰብኩ ለፋሁ። ማታ አልጋ ላይ የፒስታሽዮ ባክላቫ ሳጥን ከፍተን ስንታገል እኩለ ሌሊት ተቃረበ። ውጭ አገር የሄደ ሰው በሰዓት ልዩነት አንድ ሁለት ሰዓት ያተርፋል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ኢስታንቡልና አዲስ አበባ ግን አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት፣ ደቂቃ እንኳ አይበላለጡም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ።»

«ታዲያ ምን ታወራለህ፣ ጉረስ እንጂ!» አለችና የቀሩትን ሁለቱን ለራሷ አነሣች።