የአራት ሺህ ጫማ ማኅበር

ከማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሻየር

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ አምቦ

እማዬ፣ እኔ ከናፍቆትሽና ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የናፍቆቱን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጉልበቴ ነው። ማሙሽ፣ ቀስ ብለህ አንብብላት። የዘለልከውን በስልክ እደርስበታለሁ።

ሰሞኑን ሥራ ቦታ ኬክ ተቆረጠ። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸው ላይ የተጠለፈች ጨርቅ ሰፍተው መጡ፤ ሰዉ ሁሉ እያቀፈ እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል። እኔም ልጅ የዳሩ መስሎኝ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። ለካስ አርባ ስምንት ተራራ ወጥተው ጨርሰው ነው።

"ተራራው ላይ ምን አለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ገዳም የለም። ጸበል የለም። የጠፋ ከብት የለም። እንዲያው መውጣት ነው። ወጥቶ መውረድ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ!

ነገሩ ማኅበር ነው፣ እማዬ። ጽዋ አይጠጣበትም፣ ዳቦ አይቆረስበትም፤ ደንብ ግን አለው። እዚህ በፈረንጆቹ 1876 የተቋቋመ አፓላቺያን የሚባል የተራራ ማኅበር አለ። በ1957 ደግሞ "የአራት ሺህ ጫማ" የሚባል ክበብ ከውስጡ ወጣ። በኒው ሃምፕሻየር ከ4,000 ጫማ በላይ ከፍታ ያላቸውን 48 ተራሮች በእግሩ ወጥቶ በእግሩ የወረደ ሰው ምስክር ወረቀትና ያቺን ጨርቅ ያገኛል። ማሙሽ፣ እዚህ ላይ እማዬ "ይህን ሁሉ ጫማ ማን ተጫምቶ ይጨርሰዋል?" ማለቷ አይቀርም። ጫማ መለኪያ ነው በላት፤ 4,000ው 1,219 ሜትር ይሆናል።

1,219 ሜትር! እኛ ዘንድ እኮ ይህ ቆላ ነው፤ ወርደው የሚደርሱበት እንጂ ወጥተው የሚሸለሙበት አይደለም። የአርባ ስምንቱ ራስ ዋሽንግተን የሚባለው ተራራ 1,917 ሜትር ነው። አምቦ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ አንቺ ከጓዳ ማድቤት ስትመላለሺ ከአርባ ስምንቱም ጫፍ በላይ ነሽ፤ ሽሮሽን የምታማስይው ከዋሽንግተን ራስ በላይ ሆነሽ ነው።

ይህን ካወቅኩ ወዲያ አፌ አላረፈም። "እኔ የተወለድኩት ከተራራችሁ በላይ ነው" እያልኩ አስቸገርኳቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው "እንግዲያው ቅዳሜ ዋሽንግተንን እንውጣ" አሉኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኔንም አፋፍ ላይ አወጣኝ።

ስህተቴ የገባኝ ዳገቱ መሐል ነው። ተራራ የሚለካው ከባሕር ወለል ነው፤ ጉልበት የሚለካው ግን ከተነሱበት ነው። እኛ የተነሳንበት ቦታ 620 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ላይ 1,300 ሜትር ይጠብቃል። መንገድ የሚሉትም የድንጋይ ክምር ነው። አምቦ መወለድ ለካ እንደ ጡረታ ዕድሜ ልክ አይከፈልም። አሥር ዓመት አሳንሰር ሲያወጣኝና ሲያወርደኝ ጉልበቴ ዜግነቱን ቀይሯል።

ሴትዮዋ 68 ዓመታቸው ነው። በየመታጠፊያው ቆመው እየጠበቁኝ "አይዞህ፣ ቀርቧል" ይሉኛል። የእኛ ባላገር መንገድ ሲጠየቅ "እዚህች ናት" ብሎ ግማሽ ቀን እንደሚያስኬደው ማለት ነው። የተራራ ሰው በየትም አገር ዋሾ ነው። ነፋሱን ደግሞ ተይው፤ በ1934 እዚያው ጫፍ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ተለክቷል። እኔ በወጣሁ ቀን ግን አዝኖልኝ ኮፍያዬን ብቻ ወስዶ ተወኝ።

በአራት እግሬ ጫፍ ላይ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? የመኪና ማቆሚያ! ለካስ በወዲያ በኩል ከ1861 ጀምሮ መንገድ አለ፤ ከ1869 ጀምሮ ደግሞ ባቡር ይወጣል። የጫፉ ምልክት አጠገብ ፎቶ ለመነሳት ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ከነልጆቹ አሁን ከመኪና የወረደ ነው፤ ፀጉሩ እንኳ አልተበተነም። "ይህ መኪና ዋሽንግተን ተራራን ወጥቷል" የሚል ወረቀት በመኪናው ላይ እንደሚለጠፍስ ብነግርሽ? መኪናው እኮ ነው የሚመሰገነው! ሴትዮዋ እንደነገሩኝ ከጌታው ጋር አርባ ስምንቱን የጨረሰ ውሻም በክበቡ ይመዘገባል። እኔ ገና 47 ይቀረኛል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ምዝገባው ነው። የወጣህበትን ቀን ጽፈህ ትልካለህ፤ አለቀ። ሦስት ምስክር፣ አራት ጉርድ ፎቶ፣ "ነገ ተመለስ" የሚባል ነገር የለም። ቃልህን ያምኑሃል። ማሙሽ፣ ይህን ለጎረቤት እንዳታወራ፤ ውጭ አገር ሄዶ ዋሸ ይሉኛል።

የዚያን ዕለት ማታ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ (የአምቦ ፍል ውሃ በሆነልኝ!) አንቺን አሰብኩ። ለወንጪ ቂርቆስ የተሳልሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የወንጪ ተራራ ጫፍ እኮ 3,386 ሜትር ነው። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ወረድሽ፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻገርሽ፣ ከዚያ ያንኑ ዳገት በባዶ እግርሽ ተመልሰሽ ወጣሽ፤ ያውም የታመመ ሕፃን አዝለሽ። ባለ ፈረሶቹ "እናቴ፣ በፈረስ ላድርስሽ" ሲሉሽ "ስለት በፈረስ አይከፈልም" አልሻቸው። ማሙሽ፣ ያ ሕፃን አንተ ነህ። አብረህ ወጥተሃል ማለት ነው፤ ውሻ ከተመዘገበ አንተ በምን ታንሳለህ?

በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። መንደሯ ተሸለመች፤ እንዳንቺ ወርደው የወጡባትን ግን የመዘገበ የለም።

ለሴትዮዋ ይህን ባጫውታቸው የአንዲት ሴት ታሪክ ነገሩኝ። ኒው ዮርክ ውስጥ አዲሮንዳክ የሚባሉ ተራሮች አሉ፤ የእነሱ ዝርዝር 46 ነው። ኋላ ደህና ተደርገው ሲለኩ አራቱ ከ4,000 ጫማ አንሰው ተገኙ፤ ነገር ግን አንዴ ማኅበርተኛ ሆነዋልና አላባረሯቸውም። ግሬስ ሁዶዋልስኪ የምትባል ሴት በ1937 ሁሉንም ወጥታ ጨረሰች፤ ከሴት የመጀመሪያዋ፣ ከሰው ሁሉ ዘጠነኛዋ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መዝገቡን የያዘችው እሷ ናት። ተራራ የወጣ ሁሉ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ እሷም ቁጭ ብላ ለእያንዳንዱ ትመልሳለች። ከሞተች በኋላ፣ በ2014፣ አንዱ ተራራ በስሟ ተጠራ።

እኔ ታሪኩን ስሰማ የታየኝ አልጋሽ ሥር ያለው ሣጥን ነው። ከወጣሁ ጀምሮ የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ አለ፤ አንዱም ያለ መልስ አልቀረም። ስለዚህ ማመልከቻዬን ለክበቡ ከመላኬ በፊት ለአንቺ ልኬዋለሁ። ተራራው ዋሽንግተን፤ ቀኑ የሐምሌ ቅዳሜ፤ የወጣሁት በእግሬ፣ የወረድኩትም በእግሬ፣ ግማሹን ግን በመቀመጫዬ። ማሙሽ "ደረሰን" ብሎ ይጻፍልኝ፤ ለእኔ ከጨርቋ ይበልጣል።

ደብዳቤውን በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ጫማ ልኬልሻለሁ። አራት ሺህ አይደለም፣ አንድ ጥንድ ነው። ለስለት አይሆንም እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ለገበያ አድርጊው።

ልጅሽ