በእንተ ጎመን ወሰላጣ፤ በቀንድ አውጣ ላይ የተነገረ አዋጅ

ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

በአዲስ አበባ ከተማ ከማጀቱ በር እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ ለተዘረጋው ጓሮ ባለቤትና ጠባቂ፣ የጎመኑና የሰላጣው ባላባት፣ የቆስጣውም ሞግዚት ከሆንነው ከእኛ፤ ለቤተ ሰባችን፣ ለሦስቱ ዶሮዎቻችን፣ በውሃ በርሜሉ ሥር ለሚኖረው ጉርጥ፣ እንዲሁም ሰላም ለአንተ ባንልም ዛጎል ለሌለህ ለቀንድ አውጣ ይህ ቃላችን ይድረስ። ነጋሪት ስለሌለን ባልዲ አስመትተን ተናግረናል።

ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ዝናቡ ምድሩን ሲያርሰው፣ ቀን ቀን በድንጋይና በበሰበሰ ቅጠል ሥር ተሸሽገህ፣ ፀሓይ ስትጠልቅ ወጥተህ፣ ማታ በደኅና ቆሞ የተሰናበትነውን ችግኝ ለንጋት ግንዱን ብቻ አስቀርተህ፣ በምድሩም ላይ የሚያብለጨልጭ ልጋግህን እንደ ማኅተም ትተህ የምትሄድ መሆንህ በምስክር ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ነገሩን ሳንመረምር አልፈረድንም። አንድ አዋቂ ጎረቤታችን ስለ አንተ ቆሞ፣ «ይህ ፍጥረት ቤት ንብረት የሌለው፣ ቀን በዋሻ የሚሰወር፣ ሌሊት እንደ ማኅሌታውያን የሚተጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ከቅጠል በቀር የማይቀምስ ባሕታዊ እንጂ ሌባ አይደለምና ይማሩት» ብሎ ሲከራከር፣ ልባችን ራርቶ ምሕረት ለመስጠት ቃጥቶን ነበር። ዳሩ ግን በፋኖስ ብንፈትሽ ያ ተሐራሚ የተባለው የሞተ ወንድሙን ሬሳ ከብቦ ሲበላ ተገኘ፤ በምላሱም ላይ በሺሕ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች ተሰድረው እንደሚገኙ ሊቃውንተ ፍጥረት መሰከሩ፤ ስለዚህ ቆቡ ተገፎ ምንኵስናው ተሽሯል። ደግሞም ከእናንተ እያንዳንዱ በአንድ ሰውነት ወንድም ሴትም ሆኖ ሁሉም እንቁላል የሚጥል ስለሆነ፣ ማን ባል ማን ሚስት ተብሎ እንደሚጻፍ ያልገባው የቆጠራ ሹማችን መዝገቡን ዘግቶ ሄዷል።

ከመማክርቶቻችን አንዳንዶቹ ሜታልዴሃይድ የሚባለውን መርዝ ከሱቅ ገዝተን በመደቡ ላይ እንድንበትን አሳስበውናል። ይህ መርዝ ለውሻም ሆነ ለወፍ የማይራራ መሆኑን፣ እንግሊዞችም ብዙ ዘመን ሰላጣቸውን ሲጠብቁበት ኖረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ከደጅ እንዳይበተን በሕግ እንደ ከለከሉት ስለ ተረዳን፣ በጓሯችን ውስጥ ፈጽሞ ግዝት ይሁን ብለናል። ጨው ይበተን ያሉም ነበሩ። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲመነዘርበት በኖረ አገር ጨውን በቀንድ አውጣ ላይ ማፍሰስ ለግምጃ ቤታችን ነውር ነው፤ ያም ቢቀር ቀንድ አውጣው ከሞተ በኋላ ጨው ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ጎመኑን ራሱን ያደርቀዋል።

የምሽግ ሹማችን ያመጣው ምክር ግን ለጊዜው አስደስቶን ነበር። አመድ ከምድጃ አስወጥቶ መደቡን ሁሉ አስከበበ፤ አመዱም ደረቅ በነበረባት በዚያች ግማሽ ቀን ጠላት አልደፈረንም፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ምሽጋችን ጭቃ ሆነ፣ ጠላትም በላዩ ተመላለሰበት። ሹሙ ተስፋ ሳይቆርጥ የእንቁላል ቅርፊትና የመዳብ ጥብጣብ ይገዛልኝ ብሎ ደጅ ቢጠና፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የገለጠውን ምርመራ አስነበብነው፤ ይኸውም ቅርፊቱን፣ የመዳቡን ጥብጣብ፣ ጠጠሩን፣ የጥዱን ልጥና የበጉን ጠጕር እያንዳንዱን በሰላጣ ዙሪያ አድርገው ቢፈትኑ፣ ምሽግ ያለውም ምሽግ የሌለውም ሰላጣ ያለ ልዩነት ተበልቶ መገኘቱን ነው። ሹሙ ከነመዓርጉ በጡረታ ተሰናብቷል፤ ቅርፊቱ በብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ በሌላ ሥራ ተመድቧል።

ስለዚህ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ማታ ማታ አትክልት ማጠጣት ለጠላት መንገድ መጥረግ ስለሆነ ተከልክሏል፤ አትክልቱ ውሃ የሚጠጣው በጧት ብቻ ነው፣ አፈሩም እስኪመሽ ይደርቃል። ዝናቡ ለትእዛዛችን የማይገዛ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ይህ አንቀጽ ከመስቀል በኋላ የጸና ይሆናል።

አንቀጽ 2። ጨቅላ ችግኝ ቅጠሉ እስኪጠነክር ድረስ በጣሳ ተተክሎ ከመሬት ከፍ ብሎ በመደርደሪያ ላይ ይደግ።

አንቀጽ 3። በመደቡ መካከል እርጥብ ጆንያ፣ አሮጌ ሳንቃ፣ የተጨመቀ ብርቱካን ልጣጭም በአፉ ተደፍቶ ማታ ይቀመጥ። ይህ ለጠላት የተዘጋጀ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ሲነጋ ጥላ ፈልጎ በሥሩ ስለሚሰበሰብ እንግዳ ተቀባዩ ገልጦ ይለቅመዋል። ከዚህም በላይ በየምሽቱ ተረኛ ፋኖስ ይዞ ጎንበስ እያለ፣ የቅጠሉን ውስጥ ጭምር እየገለጠ፣ በሁለት ስንጥር ወደ ባልዲ ይልቀም። ከዘዴዎች ሁሉ አሰልቺው ይህ መሆኑን አንክድም፤ የሚሠራውም ይኸው ነው። የተማረከ ሁሉ በግዞት ከአጥር ማዶ እንዲጣል የቀረበውን አሳብ፣ ጎረቤታችን ጠበቃው እንኳ ስለ ተቃወመው፣ አልተቀበልነውም።

አንቀጽ 4። ጠላት የእርሾ ሽታ ወዳድ ስለሆነ፣ ጣሳ በአፈር ተቀብሮ፣ ከንፈሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከምድር ከፍ ብሎ፣ ጠላ ይቀዳበት። ከንፈሩ ከፍ የሚለው የእኛ ወታደር የሆነው ጥንዚዛ ሲዘዋወር እንዳይወድቅበት ነው። ስለ ጠላው አቅርቦት ለማጀቱ ባለሥልጣን ለባለቤታችን ደብዳቤ ብንጽፍ፣ «ለቀንድ አውጣ ጠላ የምጠምቅ አይምሰልዎ፤ ቅራሪው ካላሰከረው ውሃውን ይጠጣ» የሚል መልስ ደርሶናል። ስለዚህ በአንቀጹ ውስጥ ጠላ የሚለው ቅራሪ ተብሎ ይነበብ።

አንቀጽ 5። ዶሮዎች በቡቃያ መካከል ከተለቀቁ ከቀንድ አውጣው ይልቅ ራሳቸው ጥፋት ስለሚያደርሱ፣ ወደ መደብ የሚገቡት ከመትከል በፊት አፈሩ በሚኮተኮትበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ በአፈር ውስጥ ተከማችቶ የተቀበረው የቀንድ አውጣ እንቁላል ስለሚገለጥ ያለ ከልካይ ይልቀሙት። በባልዲ በተማረኩትም ላይ የሞት ፍርድ ፈጻሚዎች እነርሱ ናቸው። አገሩ ሁሉ ፍልሰታን በሚጾምበት ወራት ይህ ሥጋ መብላት አይደለምን ብለው ለጠየቁን ልጆች፣ ዶሮዎቹ በግዳጅ ላይ ያሉ ሠራዊት በመሆናቸው ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው መሆኑን አስታውቀናል፤ ልጆቹም እኛም ሠራዊት ነን ብለው ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ ሆኗል።

አንቀጽ 6። ጉርጡ ሌሊት ሌሊት ቀንድ አውጣ በመብላት ላገለገለን አገልግሎት የበርሜሉ ሥር ርስት ሆኖ ተሰጥቶታል። ድንጋይ የሚወረውርበት ልጅ የሁለት ሌሊት ፋኖስ ይይዛል።

ይህ አዋጅ ከዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። የፋኖሱን ተራ ለማውጣት በተደረገው ጉባኤ፣ ልጆቹ ትምህርት አለብን፣ ዘበኛው ወገቤን ያመኛል፣ ጎረቤቱም ጠበቃ ነኝ ስላሉ፣ የመጀመሪያው ተረኛ አዋጁን ያወጀው ራሱ እንዲሆን የማጀቱ ባለሥልጣን ወስናለች። እኛም ውሳኔውን አክብረን ካፖርታችንን እየፈለግን ነው።