ፈላስፋዋ ጀበና

የፍኖተ ሰላም፣ የማንኩሳና የቡሬ ሸክላ ሠሪዎች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እስከ ትናንት ጭቃ ታቦካላችሁ ስትባሉ ነበር፤ ለካ ስታቦኩት የኖራችሁት «የምድር ትዝታ» ኖሯል። ምጣድ የሠራችሁ መስሏችሁ ነበር፤ የሠራችሁት ግን «የክብ ጊዜ ተምሳሌት» ነው። ውሃ ይቀዳበታል ብላችሁ የሸጣችሁት እንስራ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በነጭ ግድግዳ ፊት፣ ከአንዲት አምፖል ሥር ሲቆም «ከባዶነት ጋር የሚደረግ ሙግት» መሆኑ ታውቋል። በሙግቱ ማን እንደረታ ገና አልተነገረም። እንስራው ያፍስስ አያፍስስም የጠየቀ የለም፤ ውሃ ሳይሞላበት በምን ይታወቃል?

ይህን ሁሉ የነገሩን የሥነ ጥበብ ሐያስያን ናቸው፤ እድሜ ይስጣቸው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ወደ እነርሱ ወገን ልገባ ወስኛለሁ። ሥራው ልብስ አያቆሽሽም፤ እጅ አያሻክርም። ደንቡም ቀላል ነው። ከፍኖተ ሰላም ገበያ አንድ ጀበና ትገዛላችሁ። ቡና ግን እንዳታፈሉበት፤ ጥላሸት የያዘ ጀበና ለፍልስፍና አይመችም። ከፍ ባለ ነጭ ሣጥን ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ ብዕር ታነሣላችሁ፦

«ይህ ሥራ በመያዝና በመልቀቅ መካከል ያለውን ድንበር ይጠይቃል። አንገቱ የዝምታን አድማስ ሲያሰፋ፣ ሆዱ የጋራ ትዝታችንን ጀበናዊነት በአዲስ መልክ ያንጸባርቃል። ሠሪዋ ቁሱን ከአገልግሎት ነጻ በማውጣት ተመልካቹን ወደ ገዛ ባዶነቱ ትጋብዘዋለች።»

እነሆ፣ ሐያሲ ሆንኩ። አንድ ነገር ብቻ እንዳትሞክሩ አደራ፤ «አንገቱ»ንና «ሆዱ»ን አውጥታችሁ «ክዳኑ» እና «እጀታው» ብላችሁ እንዳትተኩ። ድርሰቴ ያን ጊዜ፣ ከ«ጀበናዊነት» በቀር ያለ አንዳች ለውጥ፣ ስለ አሉሚኒየም ድስት ይሆናል። «በሩ» እና «ጣሪያው» ካላችሁ ደግሞ ስለ ቡሬ መናኸሪያ ነው። ሠሪዋ ቁሱን ከአገልግሎት ነጻ አወጣች ያልኩትማ ዓይን ያወጣ ነው። ሴትዮዋ ጀበናውን የሠራችው ቡና እንዲፈላበት ነው፤ ከአገልግሎት ነጻ ያወጣሁት ቡና የከለከልኩት እኔ!

በሽታው የእኛ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታፍሩ። አሊክስ ሩል እና ዴቪድ ሌቪን የተባሉ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢ-ፍለክስ የተባለው ድርጅት ለዓመታት የበተናቸውን በሺህ የሚቆጠሩ የኤግዚቢሽን መግለጫዎች ሰብስበው በኮምፒውተር ፈትሸዋቸዋል። ያገኙት ለሁሉም አገር፣ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ቋንቋ ነው፤ ሥራው ሁሉ «ይጠይቃል»፣ ቦታው ሁሉ «ስፍራነት» ይሆናል። ለእኛ ሰውማ ሰርግና ምላሽ ሆነለት። «ጀበና» ቢያንሰው «ጀበናነት»፣ እሱም ቢያንሰው «ጀበናዊነት» የሚልበት ቋንቋ እያለው በምን ይቸገራል?

አሁን ደግሞ ካታሎግ ያልወጣለትን፣ ኋላ ቀሩን ሂስ ላሳያችሁ። ቦታው ገበያ ነው። አንዲት ባለትዳር ምጣድ ልትገዛ ትመጣለች። ምንም አትናገርም። ምጣዱን ታነሣዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ጀርባውን በመዳፏ ትዳብሳለች። ከዚያ በአንድ እጇ አንጠልጥላ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች፤ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በእሳቱ በስሏል፤ ስንጥቅም የለበትም። ድምፁ ከታፈነ ምጣዱን መልሳ ታስቀምጠዋለች። በቃ፣ ሂሱ አለቀ። ሸክላ ሠሪዋም ለምን አትልም፤ ገና ስትነካው ሰምታዋለች። እንዲያውም ከገዢዋ አልፋ ታውቃለች፤ ጥፋቱ ከአፈሩ ይሁን፣ አሸዋው ወይም የተፈጨው ገል አንሶ ይሁን፣ ሳይደርቅ ወደ እሳት ቸኩላ ይሁን፣ ወይስ ኩበቱ በአንድ ወገን ቀድሞ ነድዶ። ቤት የገባው ምጣድ ደግሞ ሁለተኛ ፈተና አለበት። በጎመን ዘር ታሽቶ ይሟሻል፤ ከዚያ የመጀመሪያው እንጀራ ይጋገርበታል። እንጀራው ከያዘ ያዘ ነው። ከዚያ ችሎት ወዲያ ይግባኝ የለም።

እንግዲህ የእኛ ሐያሲ በዚያ ገበያ መሐል ቆሞ፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይህ ምጣድ እኮ የክብ ጊዜን ይጠይቃል» ቢል ምን መልስ ያገኝ ይመስላችኋል? የእኔ ግምት፦ «የኔ ጌታ፣ ምጣድ የሚጠይቀውስ እንጨት ነው። ትገዛለህ ወይስ ለሚገዛው ገለል ትልለታለህ?»

ቀልዱ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዳሩ ግን ከዚህ ሐያሲ በፊት ሌላ ሐያሲ ነበረን፤ ጎረቤት የሚባል። ያኛው ስለ ሸክላ ሠሪዋ የጻፈው ካታሎግ ባይኖርም የተናገረው ብዙ ነው። ቡዳ ናት አለ። ሌሊት ጅብ ሆና ታድራለች፣ ዓይኗ ሕፃን ይበላል፣ ከብት ያደርቃል አለ። ርስት ነፈጋት፤ ልጇንም ከጨዋ ዘር ጋር አላጋባም አለ። እንስራዋ ግን ጨዋው ቤት ጓዳ ድረስ ዘልቆ ገባ፤ ጋኗ የጨዋውን ጠላ ያዘ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ አገር ጥበብ ያጣው በዚሁ ስድብ ነው ሲሉም ገሠጹ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ርስት የሚባለው መከልከያ ከነባለቤቱ ወደቀ። ስድቡ ግን አዋጅ አያነብምና ዛሬም በየመንደሩ በሹክሹክታ ይኖራል።

የእኔ ነገር የጥንቱን ሐያሲና የዘመኑን ጎን ለጎን ሳቆማቸው መመሳሰላቸው ይገርመኛል። ሁለቱም ሴትዮዋ ምስጢራዊ ኃይል እንዳላት ያምናሉ። ሁለቱም ጣቶቿ ከአፈሩ ጋር ሌላው የማይሰማውን ይነጋገራሉ ይላሉ። አንዱ ይፈራታል፣ ሌላው ይመሰጥባታል፤ አብሯት ማዕድ የሚቆርስ ግን ከሁለቱም የለም። ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ተማረች፣ ዓመታት አበላሽታ አቀናች፣ አሁን በጭለማ ብትዳብስ የቱ አፈር ለድስት የቱ ለጀበና እንደሚሆን ትለያለች ማለት ሙያ አላት ማለት ነው። ይህችን አጭር ቃል ሁለቱም አይደፍሯትም። ባለሙያ ከተባለችማ የሙያዋ ዋጋ ይጠየቃላ! ጅብ ደግሞ ደመወዝ ጠይቆ አያውቅም፤ የምድር ትዝታም እንዲሁ።

ካላመናችሁ ከነጩ ሣጥን ሥር የምትለጠፈውን ወረቀት ጎንበስ ብላችሁ አንብቡ። የኪዩሬተሩ ስም አለ። የካታሎጉ ጸሐፊ ስም ከነዲግሪው አለ። የፎቶግራፍ አንሺው አለ፣ ወይን ጠጁን የሰጠው ድርጅት ምልክትም አለ። ሠሪዋስ? «ባህላዊ ሸክላ፣ ጎጃም»። ጎጃም! ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር ያለው አገር በሙሉ ተሰብስቦ አንድ ጀበና ሠራ ማለት ነው። ማንኩሳን ቢያንስ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያውቃት ሐያሲ እንኳ ከልብ ወለዱ ወጥቶ እውነተኛዋ ማንኩሳ ውስጥ የማንን ደጅ ልጠይቅ አላለም።

ስም ማጣትን ወደ ውበት ከፍ ያደረጉት ጃፓናዊው ሶኤትሱ ያናጊ ናቸው። ያልታወቀው የእጅ ባለሙያ የሚሠራው ዕቃ ውበቱ ስሙን ካለማሰቡ ይመነጫል ብለው አስተማሩ፤ ጽሑፎቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ ታተሙ። በሽፋኑ ላይ ግን የያናጊ ስም አለ። አሳታሚው ለውበቱ ሲል አላወጣውም። ማርሴል ዱሻም እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ላይ የወንዶች መሽኛ ሸክላ ገዝቶ «ምንጭ» ብሎ ሰየመውና ከዘመናዊ ጥበብ አባቶች አንዱ ተባለ፤ መሽኛውን ቅርጽ ያወጣው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ግን ከመቶ ዓመት ሂስ በኋላም አንገብጋቢ ጥያቄ አልሆነም። ቻይናዊው አይ ዌይዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ የሃን ዘመን ማሰሮ ከእጁ ለቅቆ ሲሰብር ፎቶ ተነሣ፤ ትልቅ ጥበብ ነው ተባለለት። እ.ኤ.አ. በ2014 ማያሚ ላይ ሌላ ሠዓሊ መጥቶ የእርሱን ቀለም የተቀባ ማሰሮ ሲሰብር ግን ፖሊስ ያዘው። በቡሬ ገበያ የደነበረ አህያ በአንድ ርግጫ ስንት ድርሰት እንደሚያሳጣን ሳስበው ያሳዝነኛል። የአህያው ባለቤት ይከፍላል፣ ገሉ ተለቅሞ ይፈጫል፣ ለሚቀጥለው ጭቃ ማጠንከሪያ ይገባል። ከሦስቱ ገል የጠቀመው ይሄኛው ብቻ መሰለኝ።

«አንተ ረቂቅ ነገር አይገባህምና ትሸሙራለህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በጎጃም ምድር ረቂቅ ነገር ብርቅ ሆኖ አያውቅም እንጂ! ይህ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ነው። የእኔ ቢጤው መሃይም እንኳ አንድ ነገር ያውቃል፤ የቅኔ ተማሪ ያሻውን ያህል ቢያረቅቅ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ መገኘት አለበት። ቤቱ ካልመታ፣ ምስጢሩ ካልተገናኘ መምህሩ በጉባኤ መሐል ይነቅፉታል፤ ተማሪውም ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ቅኔ የሚከብደው ሊፈታ ነው። የካታሎጉ ድርሰት ግን ሰሙ ከቀለጠ በኋላ ከሥሩ ሌላ ሰም ይገኛል፤ ነቃፊም የለበት፣ ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አልገባኝም ካለ ያፍራል። ሸክላ ሠሪዋ ብቻ አታፍርም ነበር። እርሷን ደግሞ ማን ጠራት?

ብትጠራ ኖሮ የሚጠየቅ ሞልቷል፤ ጥያቄውም ለሂስ የሚሆን ነው። ደህናው የሸክላ አፈር የሚገኘው በሰው ማሳ ዳር ቢሆን፣ ባለማሳው እስከ መቼ ያስቆፍራል? ገደሉ ሲናድስ? ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ሲጠፋ ጭቃው አይደርቅም፤ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ ታዲያ ክረምቱን በምን ትበላለች? ባሕር ዛፉ ሲወደድ፣ ኩበቱም ራሱ ለሽያጭ ሲወጣ የእሳቱ ወጪ ከጀበናው ዋጋ ጋር እንዴት ይታረቃል? እንስራን ቢጫው ጀሪካን ከሴቶች ጀርባ ካወረደው ቆይቷል፤ ለጀርባቸውም መልካም አደረገ፤ እዚህ ላይ ከጀሪካኑ ጋር ነኝ። በአንጻሩ ከተሜው የሚኮራበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው የሚጋደምበት ገበታ ዛሬም ሸክላ ነው። ቦዩን በሸክላው ጀርባ እየፈለፈለ ለሽቦው የሚያበጅ እጅ ከአዲሱ ዘመን ጋር ምን ዓይነት ስምምነት እንዳደረገ የጻፈ ሐያሲ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምናልባት ያ ምጣድ እንጀራ ስለሚጋገርበት ይሆናል፤ ከአገልግሎት ነጻ አልወጣማ።

ሐያስያኑን ክፉ አልመኝላቸውም። ወደ ቡሬ የሚያስመጣ ገንዘብ ከተገኘ ይምጡ፣ ካታሎጋቸውንም ይዘው ይምጡ። አንድ ምጣድ ያንሡ፣ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩ፣ የሰሙትንም ይንገሩን። ድምፁን ለይተው «ይህ አልበሰለም» ካሉ ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው በርጩማ ያቀርቡላቸዋል፤ ቡናም ይፈላላቸዋል። ካልለዩትም ካታሎጉን ትተውት ይሂዱ። ወረቀቱ ወፍራምና የለሰለሰ ነው፤ ጭድ በሚወደድበት ጊዜ ጀበና ከጀበና እንዳይጋጭ በመካከል ይጎዘጎዛል።