የሔዋን ስውር ልጆች አስቸገሩን

ሕግ ከሆነ ይታወጅ! ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የፋይል አቧራ እየቃምኩ ነው፤ ሰው ባልታወጀ ሕግ ሲቀጣ ሳይ ደሜ ይፈላል። የስውራን መንግሥት ደግሞ፣ የኛው ዛር ይሁን አይስላንድ ድንጋይ ሥር የሚኖረው ወገን፣ ድንጋጌውን የሚያሳውቅህ ከጣለህ በኋላ ነው። አንዲት ምስኪን በቀትር የአመድ መድፊያ ረግጣ አለፈች፤ ማታ ተንዘፈዘፈች። የማን ግዛት እንደሆነ የሚናገር ታፔላ ነበር? አልነበረም። መጥሪያ ደረሳት? አልደረሳትም። በሌለችበት ተፈርዶባት፣ አፈጻጸሙ በዚያው ሌሊት!

ጣጣው የሚጀምረው ከእናት ነው። አያቶቻችን እንደሚያወሩት ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይበላባት ሰግታ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15 ሸሸገች፤ እነሱም እንደተሸሸጉ ቀሩና ዛር ሆኑ። ዮን አርናሶን የተባለ አይስላንዳዊ የአገሩን ተረት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1862 እስከ 1864 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ያቺው ሔዋን ልጅ ስትደብቅ ትገኛለች። እዚያ ግን የደበቀቻቸው ገና ገላቸውን ያልታጠቡትን ነው፤ አፍራ። የአይስላንድ ስውራን የነዚያ ዘር ናቸው።

እንግዲህ ውርሱን ተመልከቱ። ያልታጠቡት ቋጥኝ ውስጥ ቤተ መንግሥት አላቸው፣ በግ አላቸው፣ ላም አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሠርተዋል። የኛዎቹ፣ በቁንጅናቸው የተደበቁት፣ ገብስማ ዶሮ አምጡ፣ ሽቶ ርጩ፣ ቡና አፍሉ እያሉ የሰው ቤት ያንኳኳሉ። ሹመትማ ሞልቷቸዋል፤ ጌታና ሎሌ፣ እስላምና ክርስቲያን፣ ወንድና ሴት ለይተው ይኖራሉ። ሰይፉ ጨንገርን የመሰለ ስመ ጥር አለቃም አላቸው። ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን ሁሉ በደብተር ሲጽፍ ከርሟል። የተያዘችውን ሴት «ፈረስ» ይሏታል። የሚጋልበው ዛሩ፣ ቀለብ የሚጠየቀው ባሏ! ቢሆንም አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ዛሩን የሚያናግረው ባለዛር መሀል ገብቶ «ምን በደለችህ? ምን ይደረግልህ?» ብሎ ይደራደራል። ችሎት ባይባልም ሽምግልና ነው።

አይስላንድ ይህም የለም። የንግሥት ሂልዱርን ነገር ላውጋችሁና ፍረዱ። የስውራኑ ንጉሥ ከተራ ቤተሰብ አገባ፤ እናቱ «ዘር የላትም» ብላ ምራቷን ረገመቻት። ሂልዱር ከአገሯ ወጥታ በሰዎች መሀል የእርሻ ቤት አስተዳዳሪ ሆነች፤ ባሏንና ልጆቿን የምታየው በገና ሌሊት ብቻ። ለዚያ መንገድ ደግሞ ሰው ልጓም አግብታ መጋለብ አለባት፤ የተጋለበው ይሞታል። በየዓመቱ ገና ሲነጋ የዚያ ቤት እረኛ አልጋው ላይ ሞቶ ይገኛል። አማትና ምራት ተጣልተው እረኛ ምን አገባው? ንጉሥ ተብዬውስ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ እናቱን «ኧረ እማዬ» ማለት ያቅተዋል? በመጨረሻ አንድ ደፋር እረኛ ገደል አፋፍ አስራው ስትወርድ ልጓሙን አሽቶ አወለቀና፣ የሚሰውር ድንጋይ ይዞ ተከተላት። ከመሬት በታች ንጉሡን አየ፣ ድግሱን አየ። አንዱ ልጅ ሲጫወትበት የጣለውን የወርቅ ቀለበትም አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ጠዋት ያየውን ሲናገር ሂልዱር «ማስረጃህን አምጣ» አለችው፤ ቀለበቱን አወጣ፣ እርግማኑም ተፈታ። በስውራን ታሪክ ሁሉ የወደድኩት ይህን ልጅ ነው፤ ኤግዚቢት ይዞ የቀረበ!

የሚያበሳጨኝ ግን ይህን ሁሉ አድርሰው አሁንም መከበራቸው ነው። ኮፓቮጉር በምትባል የአይስላንድ ከተማ የአስፋልት መንገድ የስውራኑ ጉብታ ጋ ሲደርስ ይጠብላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሬይክያቪክ አጠገብ ጋልጋህሮይን በተባለ የላቫ ሜዳ መንገድ ሲሠራ፣ የስውራን ቤተ ክርስቲያን ነው የተባለ ቋጥኝ በክሬን ተነሥቶ ደህና ቦታ ተቀመጠ። እኛ ሰፈር አጥር ለመንገድ ሲፈርስ ያገኘነው አክብሮት በቀይ ቀለም የተጻፈ ኤክስ ነው። መሰወር ነበረብን።

ደግሞ የአዲስ ዓመት ዋዜማቸው አለ። በዚያ ሌሊት ስውራኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቤት ይቀይራሉ አሉ፤ መቼም የቤት ኪራይ እነሱንም ሳያማርር አልቀረም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ተቀምጦ የጠበቃቸውን ሰው ወርቅና ጌጥ እየደረደሩ ያባብሉታል። እስኪነጋ ካልተናገረና ካልተቀበለ ሀብቱ ሁሉ የሱ ነው፤ ከተቀበለ ያብዳል። አንዱ ወርቁን እምቢ፣ ጌጡን እምቢ ሲል አድሮ፣ ሊነጋ ሲል ጮማ አቀረቡለት። ይህንንስ እምቢ ብዬ አላውቅም ብሎ ገመጠ፤ ዐበደ። ጮማ መግመጥ ወንጀል ነው የሚል አንቀጽ የት አለ? እኔማ ሐኪሙም ባለቤቴም ተባብረው ስብ ከከለከሉኝ ወዲህ መስቀለኛ መንገድ ላይ አላመሽም።