ሥራ ያልነካው የሥራ ጠረጴዛ

ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያሉ ግቢዎች በየጊዜው አዲስ የሀብት ምልክት ያወጣሉ። አንድ ሰሞን ጣሪያ ላይ የተደረደረ ዲሽ ነበር፤ ቀጥሎ በረንዳ ላይ የተተከለ የሥጋ መጥበሻ መጣ፤ ከዚያ ሳሎን ጥግ የቆመ የመሮጫ ማሽን፣ እሱም ዛሬ ጋቢ ይሰጣበታል። አሁን ተራው የቤት ወርክሾፕ ነው። መኪናው ከጋራዡ ተባርሮ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል፤ በእሱ ቦታ በልክ የታዘዘ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የሥራ ጠረጴዛ ይገባል። ይህን ጠረጴዛ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ገበታው አራት ጣት የሚወፍር ጥርብ ጣውላ ሲሆን ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ከሥሩ የተደረደሩት መሳቢያዎች ነካ ሲያደርጓቸው ድምፅ ሳያሰሙ ራሳቸው ይዘጋሉ። ከኋላው ሰሌዳ ቆሟል፤ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ጉጠቱ፣ ካቻቪቴው እያንዳንዱ በቅርጹ ልክ በተሣለ ጥቁር ጥላ ላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ ቢነሣ ጥላው ብቻውን ቀርቶ ያሳብቃል። እስካሁን ያሳበቀ ጥላ የለም። ጫፉ ላይ የታሰረው ሞርሳ መንጋጋው የፋብሪካውን ግሪስ እንደተቀባ ነው፤ እጀታውም ላስቲኩ አልተገፈፈም።

የዚህ ጠረጴዛ ትልቁ ብልሃት ከማንም ምንም አለመፈለጉ ነው። መሣሪያዎቹ የተገዙት ጠረጴዛውን ለመሥራት ነበር፤ ጠረጴዛው የተሠራው መሣሪያዎቹን ለማስቀመጥ ነው። ክቡ ገጥሟል። ወደ ውጭ የሚወጣ ዕቃ የለም፤ በርጩማ የለም፣ መደርደሪያ የለም፣ የተጠገነ የወንበር እግር እንኳ የለም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ራስን መቻል እያሉ ስንት ዘመን የደከሙበትን ነገር አንድ የቦሌ ጋራዥ በአራት ሜትር ጣውላ አሳካው። ባለቤቱ ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ሠራው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ግን የዋህ ነው። የሠራው ከገርጂ ወይም ከጎሮ የተጠራ አናጢ ነው። የሠራውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ሁለት የብሎኬት ክምር ላይ ጣውላውን አጋድሞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ነክሶ ነው። መሣሪያዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አምጥቷቸዋል፤ ሲጨርስም በዚያው ከረጢት ይዟቸው ሄዷል። የዚህች ከተማ የስንቱ ቤት ቁም ሣጥን፣ አልጋና በር የወጣው ከእንዲህ ያለ ከረጢት ነው። ከረጢቱ መሳቢያ የለውም፤ አናጢው ግን እጁን ሰድዶ የፈለገውን መሮ ሳያይ ያወጣል።

ይህን ስል ጠረጴዛው ምንም አያፈራም ማለቴ አይደለም። ሥርዓት ያፈራል። መሳቢያ በበዛ ቁጥር የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ስለዚህ መሳቢያዎቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥር ካለ መዝገብ ይኖራል። መዝገብ ካለ ንብረት ያዥ መሾም አለበት፤ ለዚህም ከግቢው ጥበቃ የተሻለ እጩ አይገኝም፤ እሱ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ በኋላ ግቢው ወደ መሥሪያ ቤትነት ያድጋል። አዲስ የተገዛ መፍቻ ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። የቤቱ እመቤት የልጇን የምረቃ ፎቶ ለመስቀል መዶሻ ብትፈልግ መጠየቂያ ቅጽ ትሞላለች፤ «ለምን አገልግሎት» በሚለው መስመር ላይ «ሚስማር ለመምታት» ብላ ትጽፋለች። አባወራው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ፊርማው ለነገ ያድራል። በማግስቱ ተፈርሞ ሞዴል 22 ሊቆረጥ ሲል ንብረት ያዡ አንድ ክፍተት ያገኛል፤ መዶሻ ቋሚ ንብረት ነው፣ ሚስማር አላቂ ዕቃ፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት አይወጡም። ሚስማሩ ለብቻው ይጠየቃል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሲፈቀዱ እመቤቲቱ ለሥራ ወጥታለች፤ በውክልና ለመረከብ የመጣችው የቤት ሠራተኛ የውክልና ደብዳቤ አልያዘችም። ሰኔ 30 ሲደርስ የዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል። ቆጣሪ ኮሚቴው ሾፌሩን፣ የቤት ሠራተኛዋንና የአሥረኛ ክፍል ተማሪውን ልጅ ያቀፈ ነው። ኮሚቴው ከሁሉም ዕቃ አንድ ብቻ ጎድሎ ያገኛል፤ በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም ጋራዥ የሚጠፋውን 10 ቁጥር ቁልፍ። ንብረት ያዡ ማብራሪያ እንዲሰጥ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ግልባጩም ለአማቲቱ ይደርሳል። ቁልፉ በግምት ዋጋው ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወስኖ ከመዝገብ ከተሰረዘ በኋላ፣ ከልጁ ሳይክል ኮርቻ ሥር ይገኛል። የተሰረዘ ንብረት ከሞት ተነሥቶ ገቢ የሚሆንበት ቅጽ ስለሌለ ቁልፉ እዚያው ኮርቻ ሥር ይኖራል። ቀጥሎ የሚቋቋመው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ነው፤ ሥራው አገልግሎት የማይሰጡ ዕቃዎችን ለይቶ ለጨረታ ማቅረብ ነው። ይሄኛው ኮሚቴ ከባድ ችግር ይገጥመዋል፤ በአንድ በኩል ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፣ በሌላ በኩል አገልግሎት የሰጠ አንድም የለም። ጉዳዩ ለበላይ አካል ውሳኔ ተመርቷል። የምረቃው ፎቶ እስካሁን ሶፋው ላይ ተደግፏል።

ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ እንለፍ። መሣሪያዎቹ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጡ ከሆነ የለመዱት 120 ቮልት ነው፤ የኛ ግድግዳ የሚሰጣቸው 220 ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ እሱም ከመሰርሰሪያው ስለሚከብድ የራሱ መደርደሪያ ይታዘዝለታል፤ መደርደሪያውን ለመሥራት አናጢው ድጋሚ ይጠራል። እንጨቱስ? ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ለዚህ ማዕረግ አይመጥኑም፤ ዋንዛ ይፈለጋል፣ ካልተገኘ ዝግባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው በከንቱ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ለቡና ጥላ ሲሆን የኖረ ዛፍ ተቆርጦ ቦሌ ሲደርስ የካቻቪቴ አልጋ ይሆናል። ካቻቪቴውም እዚያ ላይ ተኝቷል።

እዚህ ላይ ማሾፉ ያንቀኛል። ይህች አገር በእጁ የሚሠራውን ሰው እንዴት እንደያዘች እናውቃለን። ብረት ቀጥቃጩን በቡዳነት፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን ኖረን፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ ነበረው። አሁን በስንት ዘመኑ መዶሻ ተከበረ፤ ሰሌዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፣ መብራት በራለት። መዶሻ የሚይዘው ሰው ግን ያው ነው፤ በኋላ በር ይገባል፣ ቁርጡን ዋጋ ይከራከሩታል፣ ቀሪ ሒሳቡን «ነገ ና» ይሉታል። አንዳንዱ ግቢ ጋራዡ አልበቃ ብሎት ከሰርቪስ ቤቱ አንዱን ክፍል ለመሣሪያ ማስቀመጫ ያደርጋል፤ ሁለት ክፍል የነበራቸው ሠራተኞች አንድ ክፍል ይጋራሉ። ለመጋዝ ክፍል ሰጥቶ ለሰው መንፈግ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

«ገንዘቡ የራሴ፣ ግቢው የራሴ» የሚል መልስ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። እውነት ነው፤ ጠረጴዛ ማሠራት ወንጀል አይደለም፣ ማንም የሥራ ጠረጴዛውን ቁጭ ብሎ የማየት መብት አለው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ስለ መብት አይደለም፤ ባለቤቱ እንግዳ ሲመጣ ጋራዡን ከፍቶ «የእጅ ሥራ ነፍሴ ነው» ሲል ስለሚለው ቃል ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የአናጢው እጅ መሮ ሲይዝ ያምራል፤ ያን ውበት በገንዘብ የወደደ ሰው መሮውን ይገዛል፣ እጁ ግን ከመሮው ጋር በአንድ ካርቶን አይመጣም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የተማረ ነው። «ያደጉት አገሮች ባለሙያዎች ከባድና ትልቅ ጠረጴዛ ነበራቸው» ይላል፤ ይህን የሚሉትም ብዙውን ጊዜ አንድሬ ሩቦ የተባለውን የ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ይጠቅሳሉ። ሩቦ ስለ እንጨት ሥራ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል፤ እዚያ የሣለውን ወፍራም ጠረጴዛ ዛሬም በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ ይገለብጡታል። ነገር ግን ሩቦ ራሱ እንጨት ሠራተኛ ነበር። ጠረጴዛው የወፈረው አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በእጅ መላጊያ ጣውላ ሲገፋበት እንዳይነቃነቅ ነው፤ ውፍረቱ ከላብ የመጣ ልክ ነው። የጃፓን አናጢ ደግሞ በባህሉ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ወይም ዘንበል ባለ አንድ ግንድ ላይ ጣውላውን አጋድሞ መላጊያውን ወደ ራሱ እየሳበ ይሠራል፤ ከዚያ መሬት ላይ ግን ያለ ሚስማር የቆሙ ቤተ መቅደሶች ወጥተዋል። ሁለቱም ዘንድ መቀመጫውንና ጠረጴዛውን የወሰነው ሥራው ነው። ሥራውን ትቶ ውፍረቱን ብቻ የወሰደ ሰው ከሩቦ የተማረው ክብደት ብቻ ነው።

«ቢያንስ ሥርዓት ያለው ነው፤ ካይዘን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው» የሚሉም አሉ፤ በዚህ እንኳ በጣም ደስ ይለኛል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱን «ማ»ዎች ያልሰማ መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም። በቅርጽ የተሣለው የመሣሪያ ሰሌዳም የዚያው ትምህርት ዘመድ ነው። ይሁንና ከአምስቱ የመጀመሪያው «ማ» ማጣራት ነው፤ የማያስፈልገውን ዕቃ ለይቶ ከሥራ ቦታው ማስወገድ። ማስቀመጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቦሌው ጋራዥ የመጀመሪያውን ዘልሎ ከሁለተኛው ጀምሯል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን በታማኝነት ቢፈጽም ሰሌዳው ላይ ጥላ ብቻ ይቀር ነበር።

ከአንዱ ተከራካሪ ጋር ብቻ አልከራከርም። ከሥራ ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት ከመደንዘዝ፣ ወይም መጠጥ ቤት ከማምሸት፣ ጋራዡ ገብቶ እንጨት መሞረድ ይሻለኛል የሚለው ሰው ትክክል ነው። ይሞርድ። የመጀመሪያው በርጩማ እግሩ ይወላገድ፣ ሁለተኛው ይሰንጠቅ፤ እንዲህ ነው የሚለመደው። ግን ይህ ሰው የሚያስፈልገው አንድ መጋዝ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ መሮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሁለት የብሎኬት ክምር ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው። ይህን ይዞ አሥር በርጩማ ከሠራ በኋላ ምን ያህል ጠረጴዛ እንደሚበቃው ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ መሳቢያውንም ያኔ በልኩ ያሠራል፣ ምናልባትም ራሱ ይሠራዋል። እኔን የሚያንገፈግፈኝ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ፣ አንድ ሚስማር ሳያጎብጥ የባለሙያን ክብር በካሬ ሜትር የሚገዛው ነው።

ስለዚህ ሞርሳው ላስቲኩ ሳይገፈፍ ዓመት የደፈነበት አንባቢ ካለ፣ ተግባረ ዕድ ወይም በአቅራቢያው ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደውሎ ይጠይቅ፤ አንድ ሞርሳ ላይ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ይረከቡታል፣ ሞዴል 19ም ይቆርጡለታል። ጠረጴዛው በጋራዡ በር አይወጣም ከተባለ አናጢው ይጠራ፤ የሠራው እሱ ነውና እንዴት እንደሚፈታ ያውቀዋል። ሒሳቡን ግን በዚያኑ ቀን ክፈሉት።