የእናትን ጋቢ እንዴት ማበላሸት ይቻላል

ቢሾፍቱ ውስጥ አሮጌ ጋቢ የሌለበት ሣጥን ማግኘት ይቸግራል። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ሸማኔው ዘንድ የደረሰው። ያን ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት ማጥፋት ይቻላል፤ መንገዱም ቀላል ነው። እዚህ የምዘረዝረው እጅዎ ወደዚያ ሲያመራ እንዲነቁበት ነው።

ከመቀሱ ይጀምሩ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ ይዘው የት ጋ እንደሳሳ አይዩ፤ መሀል ለመሀል ይቁረጡት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈውና እጥፋቱ ቀድመው ይሳሳሉ፣ ሌላው ገና ጉልበት አለው። በብርሃን ያየ ሰው ድርቡን ለያይቶ ከደህናው ለሕፃን መጠቅለያ፣ ከሳሳው ደግሞ የትራስ ሙሌት ያወጣል። ያላየ ሰው የሳሳውን ቦታ የትራሱ ልብስ መሀል ላይ ያመጣዋል፤ ትራሱም ራስ በሚያርፍበት ቦታ ይቀደዳል።

ቆርጠው ሲጨርሱ ጠርዙን እንዲሁ ይተዉት። የፋብሪካ ጨርቅ ድርና ማጉ ጥብቅ ስለሆነ ጥቂት ይታገሣል። የእጅ ሥራ ግን ላላ ብሎ የተሸመነ ነውና መቀስ ከነካው ሰዓት ጀምሮ ይተረተራል፤ በመጀመሪያው እጥበት ስፌቱን ይዞ ይወጣል። ጨርቁን ማዳን የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፦ የሚቆረጠውን መስመር በእርሳስ ያሰምራል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በመኪና ይሰፋል፣ ከዚያ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ይቆርጣል። መኪና የሌለው በእጁ ይዘምዝመው፤ ወይም ኦቨርሎክ ያለው ሰፊ ዘንድ ይውሰደው።

ገበሩን አዲስ አቡጀዲ ያድርጉት፤ ሳያጥቡም ይስፉት። አሮጌው ጋቢ መሰብሰቡን ድሮ ጨርሷል፣ አቡጀዲው ገና አልጀመረም። ሁለቱን አጣብቆ የሰፋ ሰው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የተኮማተረ፣ ብረት የማያቃናው ነገር ይቀበላል። ከመስፋት በፊት አጥቦ ማድረቅ ግማሽ ቀን ነው የሚወስደው፤ ሰው ይህን እየዘለለ ስንት ደህና ጨርቅ እንደሚያበላሽ ማየት ያሳዝነኛል።

ማሰሻ ከፈለጉ ከሰልባጅ ሸሚዝ ይቁረጡ፤ ከምን እንደተሠራ አይጠይቁ። ፖሊስተር ወይም ናይለን ከሆነ ትኩስ ምጣድ ላይ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ከእንጀራው ጋር ይበላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከጨርቁ ጥቂት ክር መዝዞ በሹካ ወይም በወረንጦ ይዞ ክብሪት መለኮስ። ጥጥ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ይህን ፈተና ሳያልፍ ምንም ጨርቅ ወደ ምጣድ ባይቀርብ ደስ ይለኛል።

ስለ ገበያ ቦርሳም ልናገር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ስለዚህ ብዙ ቤት የጨርቅ ቦርሳ መስፋት ጀምሯል። ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፦ ሱቅ ሄደው አዲስ ጨርቅ ይግዙለት። አንድ የጥጥ ካናቴራ ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ቤት ውስጥ እያለ አዲስ ጨርቅ ቆርጦ «ለአካባቢ ብዬ ነው» ማለት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ከጂንስ ሁለት እግር ሽንኩርትና ድንች የሚችል ቦርሳ ይወጣል፤ የማዳበሪያ ከረጢትም ገበር ከገባለት ዓመታት ያገለግላል። ጂንሱን በ70 ቁጥር መርፌ መስፋት መርፌ ለመስበር ነው፤ 100 ቁጥር ይፈልጋል። ማንጠልጠያውን በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ቢያያይዙት ገበያው መሀል ይበጠሳል፤ አራት ማዕዘን ሰፍቶ በመሀሉ መስቀለኛ ቢያልፉበት ይጸናል።

አሮጌ ጨርቅ ቀለም ሲነክሩ ደግሞ እጥበቱን ሐይቁ ዳር ያድርጉት። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ውሃቸው ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት በር የላቸውም። የገባው ቀለም፣ ሳሙናና የፖሊስተር ብናኝ ወደ ታች የሚወስደው ጅረት የለም፤ እዚያው ይከማቻል። ከተማችን በእነዚህ ሐይቆች ትታወቃለች፣ በእነሱም ትኖራለች፤ ባልዲ ይዞ ከሐይቁ ርቆ ማጠብ ለማንም አይከብድም።

የኢሬቻ ልብስ የሚበላሸው ደግሞ በጥድፊያ ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ሰሞን ሆራ አርሰዲ በነጭ ይሞላል፤ ከዚያ በፊት ሰፊዎች እንቅልፍ የላቸውም። ያለፈውን ዓመት ቀሚስ ሞዱ አለፈ ብለው ይጣሉት፣ በምትኩ ሽመና እንዲመስል የታተመ ፖሊስተር ይግዙ። ወይም ጥለቱን ለአዲሱ ቀሚስ ሲፈልጉት ልክ ከጥለቱ ጠርዝ ላይ ይቁረጡት። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ እንጂ ከላይ የተለጠፈ አይደለም፤ በሁለቱም በኩል የጣት ስፋት ያህል ነጭ ካልተረፈለት የሚታጠፍ ቦታ አጥቶ ይተረተራል። ነጩ የተረፈለት ጥለት ወደ ሌላ ቀሚስ፣ ከዚያም ወደ ልጅ ቀሚስ ይሻገራል።

የልጅቷን ቀሚስ ደግሞ ታችኛውን ጫፍ በቁመቷ ልክ ቆርጠው በትንንሽ ስፌት አጥብቀው ይዝጉት፤ በዓመቱ ሌላ ይገዛል። 5 ሴንቲ ሜትር አጥፎ ሰፋ ባለ ስፌት የያዘላት እናት ግን በሚቀጥለው መስከረም ክሩን ትመዝዛለች፣ እጥፋቱን ታወርዳለች፣ የእጥፋቱን መስመር ውሃ አስነክታ በብረት ታቃናዋለች፤ ልጅቷም ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ወደ ሆራ ትወርዳለች።